ጥርስ ያለው ሕመም

ልጅ ሳለሁ ክላክስ ሰምቼ ብቻ የማን መኪና እንደመጣ እናገር ነበር። ጎሮ ውስጥ፣ እኛ ተከራይተን በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ የግቢው በር አጠገብ ከቆርቆሮ የተሠራች የዘበኛ ቤት አለች። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ከሾላ ገበያ እስክትመጣ የምጠብቃት እዚያች ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ የሚቀይረው ጠፍቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጨለማ ደረጃ ብቻዬን ከምወጣ ዝናብ ቢደበድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፈሪ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፣ ግን አሁን ፈርቼም ቢሆን እናገራለሁ። ያኔ ስፈራ ወይ ዝም እላለሁ፣ ወይ ደግሞ የሚጠይቀኝ ሰው መስማት የሚፈልገውን እመልሳለሁ። የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው።

ዘበኛው አባባ ዘለቀ ይባላሉ። የመንዝ ሰው ናቸው። ሁለት ቁልፍ ብቻ የቀረው የወታደር ካፖርት ነበራቸው፣ ክረምት ከበጋ አይወልቅም። እማዬ ጠዋት የኮረሪማና የበርበሬ ጆንያዋን ተሸክማ ስትወጣ «አባባ፣ አደራ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ «አደራሽ ከኔ ጋ ነው» ይሏታል፤ ሌላ ምንም አይባባሉም። ማታ ማታ አሮጌ የቀለም ባልዲ ጎኑን በስተው፣ አጠገባችን ከሚሠራው ሕንፃ የሚጣለውን የጣውላ ቁርጥራጭ ይማግዱበታል። ጣውላው ሲሚንቶ የነካው ስለሆነ ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ፍሙ ግን ጥሩ ፍም ነበር፣ ፊቴን እያሞቀው ጀርባዬ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ከበላያችን በሩ ላይ ያለችው አምፖል መብራት ኃይሉ ሲደክም ቀይ ትሆናለች፣ ያኔ የአባባ ዘለቀ ፊት ግማሹ ከፍሙ ግማሹ ከአምፖሏ ይበራና ሁለት ሰው ይመስሉኛል።

ጉልበታቸው አይታዘዝም ነበር። ከተቀመጡ በኋላ ለመነሳት መጀመሪያ አንድ እጃቸውን ግድግዳ ላይ ያደርጋሉ፣ ቀጥሎ ከዘራውን ይፈልጋሉ፣ ከዚያ «ቆይ፣ ድርድር ላይ ነን» ይላሉ፣ ከጉልበታቸው ጋር ማለታቸው ነው። ድርድሩ ካለቀ በኋላ ጉልበታቸው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ልክ ቆሎ ሲቆረጠም እንደሚሰማው። ጤና ጣቢያ ሄደው ብርድ ነው ተብለው እንደመጡ ነግረውኝ ነበር፣ እሳቸው ግን አላመኑም።

«ብርድ ጥርስ የለውም» አሉኝ። «ይሄ ግን ጥርስ አለው። ለዚህ ነው ቁርጥማት የተባለው።»

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ታምራት በስብሰባ ላይ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር። ክላክስ ሁለቴ አላደርግም ብሎ። መኪናው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ዘበኛ ለምን ይቀጠራል ብሎ። እዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱ አልለውም፣ ይቅርታ፤ በአፌ እርስዎ እለዋለሁ፣ በእስክሪፕቶ ግን እምቢ አለኝ። አባባ ዘለቀ ደግሞ ያቺን ሥራ ቢያጡ ቤታቸውንም ያጣሉ፣ የሚያድሩት እዚያችው ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ እኔና እሳቸው ማንም የማያውቀው ስምምነት ነበረን። እኔ ወደ አስፋልቱ ዞሬ እቀመጣለሁ። ክላክስ ስሰማ ሮጬ መቀርቀሪያውን እስባለሁ፣ በሩን ገፍቼ ከኋላው እቆማለሁ፣ እሳቸው እስከዚያ ድርድራቸውን ጨርሰው በከዘራ ቆመው ይገኛሉ። መኪናው ሲገባ ባለቤቱ የሚያየው የቆመ ዘበኛ ነው። የሁለተኛው ብሎክ ነርስ አንድ ረጅም ክላክስ ነበር የምታደርገው፣ ባለ ሚኒባሱ ሰውዬ ክላክሱ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፣ አቶ ታምራት ሦስት አጭር፤ ጲፕ ጲፕ ጲፕ።

«አንቺ የዘበኛ ዘበኛ» ይሉኝ ነበር። ደሞዜም ተረት ነበር። ከአንዱ መኪና እስከሚቀጥለው ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር የሚከፍሉኝ፣ አንዳንዱን ተረት በአምስት መኪና ከፋፍለው።

አሁን የምነግራችሁን ተረት የጀመሩልኝ ነሐሴ ላይ ነው፣ ቁርጥማት ለምን ቁርጥማት ተባለ ብዬ ስጨቀጭቃቸው። ድሮ በመንዝ አንድ ባላባት ነበር አሉ። ይሄ ባላባት ራት ሲበላ ሎሌው ከጎኑ ቆሞ ጧፍ ይይዝለታል። ባላባቱ ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው ነው፣ ሥጋውን ይበላል፣ አጥንቱን ይግጣል፣ ቅልጥሙን ይሰብራል፣ ሎሌው እዚያው ቆሟል። መቀመጥ የለም፣ እግር መቀየር የለም። መብራቱ ትንሽ ከተነቃነቀ ባላባቱ የጋጠውን አጥንት አንስቶ ጉልበቱን ይለዋል። ሎሌው ዓመት ቆመ፣ ሁለት ዓመት ቆመ፣ ጉልበቱ መታጠፍ እየረሳ ሄደ። ወደ ቤቱ ሲሄድ እንደ ግንድ ነው የሚሄደው፣ ሚስቱ አዝላ ነው መደብ ላይ የምታወጣው። አንድ ማታ ባላባቱ የመጨረሻዋን ቅልጥም ሲቆረጥም የሎሌው ጉልበት ከዳው። ጧፉ ወደቀ፣ ቤቱ ጨለመ። ባላባቱ በጨለማ ውስጥ ሆኖ ውጣልኝ አለው፣ እንደ ውሻ። ሎሌው በአራት እግሩ እየዳኸ በሩ ጋ ደረሰ፣ ምሰሶውን ይዞ ተነሳ፣ ዞር አለና—

ጲፕ ጲፕ ጲፕ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር አባባ ዘለቀ አልሰሙም። ጆሯቸውም እንደ ጉልበታቸው ነበር፣ ለዚህ ነው የኔ ጆሮ ያስፈለገው። የኔን ፊት አይተው ግን ቆም አሉ። መኪና ነው እንዴ አሉኝ።

የጎረቤት ግቢ ነው አልኳቸው።

ሰምቼ ነበር። ሦስቱንም ሰምቻለሁ። ግን ሎሌው ዞር ብሎ ምን እንዳለ ማወቅ ፈለግኩ፣ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ብቻ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ይፈጃል ብዬ ነው። ዝናብም ነበር። ደሞዜንም ነበር የፈለግኩት። ምክንያት ስደረድር ሰባት ዓመት ሆነኝ፣ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ትንሿ የእግር በር ተከፈተች። አቶ ታምራት ገባ፣ ጫማው ጭቃ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ። አባባ ዘለቀ እጃቸውን ግድግዳ ላይ አደረጉ፣ ከዘራውን ፈለጉ፣ ድርድሩ ገና መጀመሩ ነበር። እሱ አላያቸውም፣ እኔን ነው ያየኝ። ጎንበስ ብሎ፣ ለልጅ በሚወራበት ለስላሳ ድምፅ፣ «ተኝቶ ነበር አይደል?» አለኝ።

አባባ ዘለቀን አየኋቸው። እሳቸው ፍሙን ያያሉ።

«አዎ» አልኩት።

በማግስቱ ኮሚቴው ማኅተም ያለበት ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። በሥራ ላይ ተኝቶ በመገኘቱ ይላል፣ ማንበብ እችል ነበር፣ ከክፍሌ አንደኛ አንባቢ ነበርኩ። ተሰናብቷል ይላል፣ አንተ ብሎ፣ እማዬ እንኳን አባባ የምትላቸውን ሰውዬ። ዛሬ ሳስበው እሳቸው እውነቱን መናገር ይችሉ ነበር። ልጅቷ ናት የምትከፍተው፣ ዛሬ ዋሸችኝ ማለት ይችሉ ነበር። ግን እሱን ቢሉ ጉልበታቸውን ያጋልጣሉ፣ እኔንም ያጋልጡኛል፤ አሁን እንደዚያ ቢያደርጉ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ግን የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እማዬ እንዳታውቅ።

ሲሄዱ ከደረጃው ሥር ተደብቄ አየኋቸው። ያላቸው አንድ ፌስታልና ያ ካፖርት ነው። በሩ ጋ ሲደርሱ ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ዞር አሉ። እንዳዩኝ አላውቅም ነበር። እኔ እርግማን ነው የጠበቅኩት፣ ሎሌው ያለውን ሊሉኝ ነው ብዬ።

«ደረጃው ጨለማ ነው» አሉኝ። «ቀስ ብለሽ ውጪ።»

ይኸው ነው። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እርግማን ቢሆን አልቅሼ አበቃ ነበር፣ ይሄ ግን አላልቅ አለኝ፣ በየደረጃው ጠበቀኝ።

ስለዚህ መጥላት የምችለውን ሰው ጠላሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አቶ ታምራትን ስጠላ አደግኩ። ሰላምታ እሰጠዋለሁ፣ ደህና አደሩ እለዋለሁ፣ በሆዴ ደግሞ ቁርጥማት ይያዘው እያልኩ ጉልበቱን አያለሁ። ደረጃ ሲወጣ የብረቱን መደገፊያ ይይዝ እንደሆነ እከታተላለሁ። አምና አንድ ቀን ይዞት ወጣ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ፣ እማዬ ፈተና ያለፍኩ መስሏት ነበር። አባባ ዘለቀን ግን ድጋሚ አላየኋቸውም። መገናኛ ከታክሲ ስወርድ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር እግሬ ይቆማል፣ ሰው ከኋላ እየገፋኝ ሂጂ እንጂ ይለኛል። አንዳቸውም እሳቸው አልነበሩም።

ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ክላስ ውስጥ እጄን አላወጣም ነበር፣ ስሜ ሲጠራ እንኳን አቤት የምለው ለጠረጴዛው ነው። አንድ ቀን የአማርኛ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ውጋት፣ ቁርጠት፣ ፍልጠት፣ ቁርጥማት ብለው ጻፉና እነዚህ ከየት መጡ አሉን። ቀላል ነበር። ወጋ፣ ቆረጠ፣ ፈለጠ፣ ቆረጠመ። ቁርጥማት ምንድነው ሲሉ አንዷ ልጅ መጋጠሚያ ሲደርቅና አልታጠፍ ሲል ነው አለች፣ አያቷን እንዳመማቸው ተናገረች። ሁሉም ወደሚቀጥለው ቃል ሊያልፍ ነው። እኔ ግን ሰሌዳውን እያየሁ አንድ ነገር ታየኝ። በአማርኛ ሕመም ዝም ብሎ አይመጣም። የሆነ ሰው ወግቶ፣ የሆነ ሰው ቆርጦ፣ የሆነ ሰው ፈልጦ ነው። እጄ ወጥቶ አገኘሁት።

«ቲቸር፣ ውጋት ካለ የወጋ አለ» አልኩ። «ታዲያ ቁርጥማት ካለ፣ የቆረጠመው ማነው?»

ክላሱ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «አይጥ ነዋ» አለ፣ እንደገና ተሳቀ። አስተማሪያችን ግን አልሳቁም። ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ካዩኝ በኋላ መልሱን የምታውቂው ይመስለኛል አሉኝ። ቆሜ ነበር። ተረቱን ነገርኳቸው፣ እስከ በሩ ድረስ። ደወሉ ተደውሎ ማንም አልተነሳም። አይጥ ያለው ልጅ ራሱ «ከዚያስ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው አስተማሪያችን በስሜ መጥራት የጀመሩት፣ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ያስገቡኝ፣ ለወላጆች ቀን ተረቱን ጨርሼ እንዳቀርብ የመረጡኝ።

መጨረሻውን አላውቀውም ነበር። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብዬ ዋሽቼ ዓረፍተ ነገሩን አልሰማሁትም። ስለዚህ ራሴ ሠራሁት፣ ለማን እንደምሠራውም አውቅ ነበር። የአቶ ታምራት ልጅ እኛው ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ነው።

በወላጆች ቀን አቶ ታምራት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ስልኩን ይነካካል። ማይኩን ያዝኩ። ባላባቱን ነገርኩ፣ ጧፉን ነገርኩ፣ አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ፤ ባላባቱ ሎሌውን የሚጠራው በቀንደ መለከት ነው፣ ሦስት አጭር። በማይኩ ነፋሁት። ጲፕ ጲፕ ጲፕ። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ከስልኩ ቀና አለ። ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም። ሎሌው ምሰሶውን ይዞ ተነሳ፣ ዞር አለ፣ እኔም ዞር አልኩ፣ ወደ ሁለተኛው ረድፍ፣ ሎሌው ያለውንም አልኩ።

«የኔን ጉልበት የጋጠው ጥርስ፣ ባንተ ጉልበት ውስጥ ይብቀል።»

ከዚያን ማታ ጀምሮ ባላባቱ ሊቀመጥ ሲል ቀጭ፣ ሊነሳ ሲል ቀጭ፤ አጥንቱን ከውስጥ የሚቆረጥመው ነገር ያዘው፤ ሰዎች ስም ሲያጡለት ቁርጥማት አሉት። ጭብጨባው ግድግዳውን አናወጠው። በሕይወቴ እንደዚያ ጣፍጦኝ የሚያውቅ ነገር የለም፣ አልዋሽም።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ አቶ ታምራት እየሳቀ መጣ። ጎበዝ ልጅ ወጥቶሻል አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ተረቱን ማን ነገረሽ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አባባ ዘለቀ፣ በር ላይ የነበሩት አልኩት፣ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚሆን ለማየት ሰባት ዓመት ጠብቄያለሁ። ፊቱ ምንም አልሆነም። ለማስታወስ ሞከረ።

«ያ እንቅልፋሙ ሽማግሌ?» አለኝ።

ባላባቱን አልለየውም ነበር። ተረቱ ውስጥ ራሱን አላየም፣ የክላክሱን ነገር እንደ ቀልድ ነው የወሰደው። ከዚያ የዝናብ ማታ በጭንቅላቱ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም የኔ ነው። እንቅልፋሙ። በዓለም ላይ አባባ ዘለቀ ተኝተው ነበር ብሎ የመሰከረ አንድ ሰው አለ፣ እኔ። መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩ፣ ጉልበቴ ደረቀ። ታጠፍ ብለው የማይታጠፍ፣ ሂድ ብለው የማይሄድ ሆነ። እሱ ሄደ። ያኔ ገባኝ፣ እርግማኑን ስናገር አንድ ሰው ከተረቱ አውጥቼ ነበር። ከእሳቱ አጠገብ የተቀመጠችውን ልጅ።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት፣ ሁሉንም። የጆንያውን አፍ እየሰፋች ነበር፣ መርፌው እጇ ላይ ቆመ። እኔ «አደራ» የሚለውን ቃል ስትል ይሰማኝ ነበር፣ አፏን ሳትከፍት። ከዚያ ምን ልታደርጊ ነው አለችኝ፣ በሩ ላይ ወረቀት ልለጥፍ ነው አልኳት። ኮሚቴው በለጠፈበት በዚያው ቦታ። ተከራይ እንደሆንን፣ ያከራየን ሰውዬም የአቶ ታምራት ጓደኛ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አትለጥፊ እንድትለኝ ጠብቄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ፈልጌም ነበር።

«የቤት ቁጥራችንንም ጻፊ» አለችኝ። «ስም የሌለው ወረቀት ሐሜት ነው።»

ዛሬ ለጠፍኩት፣ ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ። በትልቁ ማርከር፦ አባባ ዘለቀ ተኝተው አልነበሩም። ክላክሱን ሰምቼ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጉልበታቸው ያማቸው ነበር፣ እሱን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ከሥሩ ስሜና የቤት ቁጥራችን። አዲሱ ዘበኛ ወጣት ነው፣ አነበበውና ወረቀቱን ልገንጥለው ወይስ ልተወው ብሎ ጠየቀኝ። ተወው አልኩት።

ከአባባ ዘለቀ ስንት ተረት እንደሰማሁ አላውቅም፣ ብዙው ጠፍቶብኛል። የቀረኝ የጣውላው ጭስ ነው፣ ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ፣ እና ያልተጨረሰ አንድ ዓረፍተ ነገር። ሎሌው ዞር ብሎ ምን እንዳለ አሁንም አላውቅም። አንዳንዴ እኔ የሠራሁት እርግማን ትክክል ነው እላለሁ፣ አሁንም ደስ ይለኛል፣ አቶ ታምራት መደገፊያውን ሲይዝ አሁንም አያለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሎሌው ያለው ያው አባባ ዘለቀ ያሉኝ ነገር ይሆን እላለሁ፣ ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ጥርሱም የበቀለው ከዚያ ነው፣ የኔ ጉልበት ውስጥ።

ይሄን የምጽፈው በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነው፣ እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ድንጋይ ላይ፣ ወደ አስፋልቱ ዞሬ። አምፖሏ ቀይ ሆናለች። አሁን ሦስት አጭር ክላክስ ሰማሁ። አዲሱ ዘበኛ ቀና ብሎ አየኝ፣ የማን ነው እንደማለት።

«የኛ ግቢ ነው» አልኩት።

የመኪናው መብራት ወረቀቱ ላይ በርቷል። እስክሪፕቶዬን አስቀምጬ ልቆም ነው።